ጆሮና ቀንድ

ሌሊት አሥራ አንድ ተኩል፣ ሂሲንገን በረዶ ለብሶ፣
ትራሙ ጥሎኝ ሲሄድ መብራቱን ጭጋግ ጎርሶ፣
የማጠቢያ ቤቱን በር ስከፍት በደነዘዘ እጄ፣
ከእኔ ቀድሞ የሚገባ የለም፤ ይህ ነው የሠላሳ ዓመት አዋጄ።
የጎተንበርግ በሽተኛ ሁሉ ያላበው፣ የደማበት አንሶላ
ተራራ ሆኖ ይጠብቀኛል፣ ከፊቴም ከኋላ።

አሥራ ሁለት ሲል ልጆቹ ይገባሉ፤ አራት ናቸው በወረቀቱ፤
ዛሬ ሦስት። የኤልዲን ስልኬ ላይ ነው የመጣው መልእክቱ፦
«እልፊ፣ ዛሬ ልቤ ከበደኝ። ቤት ልዋል። ነገ እመጣለሁ።»
ከሥሩ ቢጫ ፊት፣ አንገቱን ደፍቶ። ደጋግሜ አየዋለሁ።
(እልፍነሽ ነበርኩ፤ ለአፋቸው ረዝሞ አሳጠሩት።)

ልቤ ከበደኝ! እኛ ቤት የሚከብደው እርጥብ ልብስ ነበረ፤
ልብ ራሱን ችሎ መክበድ ከመቼ ወዲህ ጀመረ?
እኔ ትኩሳቴን በመሐረብ አስሬ ስንቱን ቀን ቆሜ አጥፌያለሁ፤
ለበርቲል፣ ከእጅ ሰዓቱ ሌላ ፊት ለሌለው አለቃ፣ «እሺ» ብያለሁ።
የስዊድን አፌ የተፈታው በዚያች አንድ ቃል ነበር፤
እሷኑ ስቆረጥም ኖርኩ፣ እሷኑ ስሰፍር።

እነዚህ ግን «አንቺ» ይሉኛል። «እርስዎ» እዚህ አገር ሞቷል፤
ሐኪሙም «አንተ» ነው፣ ቄሱም «አንተ» ነው፤ ተዝካሩ ከወጣ ቆይቷል።
ንቀት አይደለም፣ አውቃለሁ። ሆዴ ገብቶ አማርኛ ሲሆን ግን
ወንበር እንደተከለከለ እንግዳ ያስቆመዋል ዕድሜዬን።

ባለፈው ጥቅምት ሥልጠና ላኩኝ፣ ሁለት ቀን ሙሉ፤
«አዲሱን ትውልድ መምራት» ይላል፤ ግድግዳው ላይ ሥዕሉ
ቀስት በቀስት ነው። «ይህ ትውልድ የሥራውን ዓላማ ማወቅ ይሻል» አለች አሠልጣኟ።
እጄን አወጣሁ፦ «የአንሶላ ዓላማ ምንድን ነው?»
ሳቁ። እሷም ሳቀች። መልስ ግን አልሰጠችኝም።

ሰኞ ማልቴ፣ ሃያ ያልሞላው፣ የአንሶላውን ጥግ ይዞ፣
«ለምን ሦስት ቦታ እናጥፋለን?» አለ። እጄ ቀረ ፈዝዞ።
«በቃ!» አልኩት። ማታ ቤቴ፣ የራሴን አንሶላ ስዘረጋ፣
አጥፌ፣ ፈትቼ፣ መልሼ አጥፌ፣ ምክንያት ፈለግሁ እስኪነጋ።

ሐሙስ፣ የገና ሳምንት፣ ጭነቱ እጥፍ በሆነበት፣
ትልቁ መተኮሻ እንፋሎቱን በሚተፋበት፣
ቱቫ ቀዩን ቁልፍ ተጫነችው። ቤቱ ጸጥ አለ።
ጆሮዬ ውስጥ የምኖረው የመሰለኝ ጩኸት
ከማሽኑ ነበር ለካ።
«የመከላከያው ብረት ላልቷል» አለች። «እስኪጠብቅ አልነካውም።»
እኔም ከማክሰኞ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ ለማንም አልነገርኩም።

ውጭ መኪናው ጡሩምባ ይነፋል። ጉሮሮዬ ላይ ወጣ ቃል፤
የእኔ አይደለም፣ የበርቲል ነው፦ «ሰዓቱን አታዪም?» ይላል።
ቀና ስል ለካ ራሴ ሰዓቱን እያየሁ ነው የቆምኩት፤
እጅጌዬ ተሰብስቧል፤ ክንዴን መሸፈን ረሳሁት።

ቱቫ አየችው፤ የቀለጠ ሻማ የመሰለውን ቆዳ።
«ከዚህ ማሽን ነው?»
«ከዚህ።»
«ያኔም ብረቱ ላልቶ ነበር?»
«ላልቶ ነበር።»
«ለምን አልተናገርሽም?»

አንድ ቃል ብቻ ነበረኝ፤ እሷም «እሺ» ነበረች።

ቴክኒሻኑ ከሁለት ሰዓት በኋላ መጣ። ሹፌሩ ረገመን።
መዘግየቱን በስሜ ፈረምኩ።
«ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው» ይላል ሰው፤
እኔም ስናደድ፣ በሆዴ፣ በእነሱ ላይ ነበር የምተርተው።
የጆሮ ሥራው ግን ምን ነበር? ከቀንድ ጋር መለካካት?
ወይስ ብረት ሲላላ፣ ልጅ ሲናገር፣ መስማት?

ዓርብ ኤልዲን መጣ። «ልብህስ?» አልኩት፣ ጆንያ እያቀበልኩት።
ደነገጠ። «ቀለል ብሎኛል።»
«ሁለተኛ ደውል፤ ያንን ቢጫ ፊት አላውቀውም» አልኩት።
ማልቴ ጥግ ላይ ሁለት ቦታ እያጠፈ ይሞክራል።
ቱቫ ሰባት ደቂቃ አርፍዳ ገባች።
ተቆጣኋት። እሱንስ አልተውም።
«ለምን?» አለች።
ወንበር ሳብኩላትና ነገርኳት።